«እኔ አልችልም፣ አንቺ ሳዪልኝ»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ወንዱ 7 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 3 ዓመት ተኩል። ወንዱ ድሮ እርሳስ ከእጁ አይጠፋም ነበር። አንደኛ ክፍል ከገባ ወዲህ ግን ወረቀት ስሰጠው «እኔ አልችልም፣ አንቺ ሳዪልኝ» ይለኛል። ስስልለት ደስ ይለዋል፣ እሱ ግን እርሳሱን አይነካም። ሴቷ ደግሞ በተቃራኒው ግድግዳውን ጨርሳዋለች። የምንኖረው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ነገሩን ሁሉ «ወረቀትና ዱቄት ማባከን» ትለዋለች። የከለር ዋጋም አይቀመስም። ክረምቱን ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው እንዳያሳልፉ ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከትንሿ እንጀምር፣ የሷ ቶሎ ያልቃል። በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚስለው በጣቱ ሳይሆን በትከሻው ነው። ክንዷን እንደልቧ የምታወናጭፍበት ስፋት ያለው ቤት ውስጥ ግድግዳው ብቻ ስለሆነ ወደዚያው ትሄዳለች። ስለዚህ ግድግዳውን ከመከልከል ማልበስ ይሻላል። ያለፈውን ዓመት ትልቅ ካላንደር ገልብጠው፣ ወይም 6 ኤ ፎር ወረቀት ከጀርባ በፕላስተር አያይዘው፣ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል አድርገው ይለጥፉላት። ከስሩ ሁለት ሦስት ገጽ ጋዜጣ ይኑር፤ ማርከር ስስ ወረቀትን አልፎ ግድግዳው ላይ ይታተማል። ክሬየኑን ደግሞ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር እየሰበሩ ይስጧት። ረጅሙን በጭብጧ ነው የምትይዘው፤ አጭሩን ግን በሦስት ጣት ከመቆንጠጥ ሌላ አማራጭ የላትም፣ የእርሳስ አያያዝም የሚለመደው እንዲያ ነው። (ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ የምትከት ከሆነ ግን ቁራጩ ይቆይ።)

ሕጉ አንድ ነው፦ ሥዕል ወረቀት ላይ። ከወረቀቱ ከወጣች ክሬየኑ ለዚያ ቀን ይነሳል፣ እሷም ጨርቅ ይዛ አብራ ትወለውላለች። ቁጣ አያስፈልገውም። ግድግዳው ዘይት ቀለም ከሆነ እርጥብ ጨርቅ ላይ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰው ቀስ ብለው ቢያሹት ይለቃል። በውሃ የሚበጠበጠው ዓይነት ቀለም ከሆነ ግን አይሹት፤ ክሬየኑ ሳይለቅ ቀለሙ ተልጦ የባሰ ጠባሳ ይቀራል። እሱን እስከሚቀጥለው ቅብ ድረስ በወረቀቱ ይሸፍኑት።

አሁን ወደ ወንዱ። «አልችልም» የሚለው ማየት ስለጀመረ ነው። በ4 ዓመቱ አንድ ክብ ላይ ሁለት እግር ተክሎ «ይሄ አባዬ ነው» ሲል እውነትም አባቱ ነበር። በ7 ዓመቱ ዓይኑ ከእጁ ቀድሟል፤ በልቡ ያለውና ወረቀቱ ላይ የወጣው እንደማይገጥሙ ያውቃል። ትምህርት ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የታተመ ሥዕል ነው፣ «ከመስመር እንዳትወጣ» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር። ያ ለእጁ ቁጥጥር አይከፋም፣ አስተማሪውን መጋፋትም አያስፈልግም። ግን ልጁ ሥዕል ማለት ሌላ ሰው ጨርሶ የሚያመጣው፣ የሱ ድርሻ መሙላት ብቻ የሆነ ነገር መስሎታል። እርስዎም «ስስልለት ደስ ይለዋል» ብለዋል። ደስ የሚለው ስለተገላገለ ነው። እርስዎ በሳሉለት ቁጥር መለኪያው የርስዎ መስመር እየሆነ ይሄዳል፣ የሱ ደግሞ በዚያው ልክ እያነሰ ይታየዋል።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ በሱ ወረቀት ላይ አንድም መስመር አይስሉ። «ሳዪልኝ» ሲል «አይሆንም» ብሎ መዝጋት ሳይሆን ጥያቄውን ማሳነስ ነው፦ «የቱ ጋ ነው የከበደህ?» «ፈረስ» የሚል ልጅ የከበደው ፈረሱ ሁሉ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የኋላ እግሩ ነው። እዚያ ላይ አቁመው «የኋላ ጉልበቱ ወዴት ነው የሚታጠፈው?» ይበሉት፤ ፎቶ ፈልጋችሁ አብራችሁ እዩ። የግድ ማሳየት ካለብዎ በጣትዎ አየር ላይ ያሳዩት። አየር ላይ የተሳለ አይገለበጥም።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላጲሱን ይደብቁት፣ እርሳሱንም በእስክርቢቶ ይተኩት። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ነገር ግን ላጲስ በእጁ ያለ የ7 ዓመት ልጅ አንድ መስመር ስሎ ሦስት ጊዜ ያጠፋል፣ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ሥዕሉም በቁጣ ይጠናቀቃል። በእስክርቢቶ የተሳሳተ መስመር ግን እዚያው ይኖራል፤ ወይ ሌላ ነገር ይሆናል፣ ወይ ይታለፋል። ወረቀቱንም ያሳንሱለት። ሙሉ ኤ ፎር ለሚፈራ ልጅ ሜዳ ነው፤ ለአራት የተቀደደው በ5 ደቂቃ ይሞላል፣ ካላማረውም የጠፋው ሩብ ወረቀት ነው።

በነዚሁ ሁለት ሳምንታት ትክክልና ስህተት የሌላቸው ጨዋታዎች ብቻ ይሁኑ። አንዱ፦ ዓይኑን ጨፍኖ እስክርቢቶውን ለ10 ሴኮንድ ያንከራትት፤ ከዚያ ወረቀቱን እያዞረ የተደበቀ እንስሳ ይፈልግ፣ ዓይንና እግር ይጨምርለት። ሌላው ቤተሰቡን ሁሉ የሚያስቅ ነው። ወረቀት በቁመቱ ለሦስት ይታጠፋል፤ አንዱ ጭንቅላት ስሎ አንገቱን ብቻ ወደ ሁለተኛው ክፍል አሳልፎ ያጥፈዋል፣ ሁለተኛው ሳያይ ሆድና እጅ ይስላል፣ ሦስተኛው እግር። ሲገለጥ የዶሮ ራስ፣ የአያት ነጠላና የመኪና ጎማ ያለው ፍጡር ይወጣል። አያትየው እዚህ ይግቡ። «እኔ ሥዕል የት አውቄ» ማለታቸው አይቀርም፤ እንዲያውም ይሻላል፣ ልጁ ሳይችል የሚስል ትልቅ ሰው ማየት አለበት።

በሦስተኛው ሳምንት ጀበናውን ያውጡ። ጀበና ጥሩ መነሻ ነው፤ አይንቀሳቀስም፣ ቅርጹም ሆድ፣ አንገት፣ አፍና እጀታ ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ፣ ከዓይኑ ትይዩ፣ ከክንዱ ትንሽ ራቅ አድርገው ያስቀምጡለት። «ጀበና ሳል» ካሉት ያው ከዚህ በፊት ያየውን የጀበና ምልክት ይስላል። ይልቅ ይጠይቁት። ሆዱ ድቡልቡል ነው ወይስ ወደታች ሰፋ ይላል? አንድ ዓይንህን ጨፍነህ አንገቱን በእስክርቢቶው ለካው፤ ከሆዱ ይረዝማል ወይስ ያጥራል? እጀታው ከየት ተነስቶ የት ያርፋል? የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው፦ በእጀታውና በአንገቱ መሃል ያለችው ክፍት ቦታ ምን ትመስላለች? ልጅ የሚስለው የሚያውቀውን ነው። ያቺ ክፍት ቦታ ግን ስም ስለሌላት የሚያውቃት ነገር የለም፤ የግድ ማየት አለበት። እሷን በትክክል ከሳለ እጀታው ራሱ ቦታውን ይይዛል።

የሚበላሸውም ይታወቃል። ከሆዱ ይጀምርና ትልቅ ያደርገዋል፣ አንገቱ ወረቀቱን አልፎ ይወጣል፣ እሱም «አየሽ? አልችልም» ይላል። ያን ጊዜ ሌላ ሩብ ወረቀት ከላይ ለጥፈው «ቀጥል» ይበሉት። ሥዕሉ ሳይሆን ወረቀቱ ነው ያነሰው። 15 ደቂቃ ይበቃል። ያንኑ ጀበና በሌላ ሁለት ቀን ይድገመው፣ ከጀርባው ቀኑን ይጻፍበት። ሦስቱን ጎን ለጎን ሲያያቸው እርስዎ ምንም መናገር አይጠበቅብዎትም።

ስለመናገር ካነሳን፣ «ጎበዝ! በጣም ያምራል!» ክፉ ቃል አይደለም፣ ግን ለሁሉም ነገር ከተባለ ባዶ ይሆናል። ይህ ልጅ ደግሞ የማያምረውን አውቆታል፣ «ያምራል» ሲሉት አያምንዎትም። ያዩትን ይንገሩት፦ «እዚህ ጋ ቀዩን ጫን ጫን አድርገኸዋል»፣ «ይሄኛው ሰውዬ ከቤቱ ይበልጣል።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ረዘም ሲል እሱ ራሱ መተረክ ይጀምራል። «ይሄ ምንድን ነው?» የሚለውን ግን ይተዉት፤ ለሳለው ሰው «አልታወቀም» ማለት ነው።

ሰውዬው ከቤቱ መብለጡንም እንዳያርሙት። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዋናው ጻድቅ ከአጃቢዎቹ ገዝፎ ይሳላል፤ ደጉ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ፣ ክፉው ደግሞ ከጎን በአንድ ዓይን። ሠዓሊዎቹ መለካት አቅቷቸው አልነበረም፣ መጠንና ዓይን ለነሱ ንግግር ነበሩ። ልጁም አባቱን ከዛፉ ሲያስበልጥ የሚናገረው አለው። አንድ ቅዳሜ 5 ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይውሰዱትና ሥዕሎቹ ያሉበት ክፍል ውስጥ ይህን ብቻ እንዲፈልግ ይንገሩት፦ ከሁሉ የሚተልቀው ማን ነው? በአንድ ዓይን የተሳለስ? ሁለት ሦስት ሥዕል ካየ በቂ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆያችሁ እግሬን ይላል።

አሁን ወደ ቦታውና ወጪው። ጠባብ ቤት ውስጥ የሥዕል ክፍል አያስፈልግም፣ ከንፈሩ ከፍ ያለ ትልቅ ትሪ ያስፈልጋል። ሥራው ሁሉ ትሪው ላይ ይሠራል፣ ውሃ ቢደፋ እዚያው ይቀራል፣ እራት ሲደርስ ትሪው እንዳለ ተነስቶ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል፣ ያልተጠናቀቀ ሥራ አይፈርስም። ወረቀት ከመግዛትዎ በፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ይጠይቁ፤ በአንድ በኩል ተበላሽቶ የታተመ ወረቀት በየቀኑ ይጥላሉ። መታወቂያ ወይም የሰው ሰነድ የተባዛበት ከመሃል እንዳይኖር ግን ያጣሩ። የማተሚያ ቤት ቁራጭም ጥሩ ነው፣ ወፍራም ስለሆነ ቀለም ይችላል።

ከለር ሲገዙ በብዛቱ አይታለሉ። ባለ 36ቱ ርካሽ እርሳስ ሲቀረጽ ውስጡ እየተሰበረ ያልቃል፣ ቀለሙም ጠንካራ ሰም ስለሆነ ወረቀቱን ይቧጭራል እንጂ አይቀባም። ሱቅ ውስጥ አንዱን አስወጥተው ወረቀት ላይ ሳይጫኑ ያሂዱት፤ ሳይጫኑት ካልታየ ይተዉት። በደንብ የሚቀቡ 12 ከለሮች ከማይቀቡ 36 ይሻላሉ። ከቤት ቅብ የተረፈ ዘይት ቀለም ግን በምንም ምክንያት ለልጅ አይሰጥም፤ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፣ ማስለቀቂያው ቲነርም ለሳንባ አይሆንም።

ቀለሙን ኩሽና ውስጥ መሥራት ይቻላል። ግማሽ ኩባያ ፉርኖ ዱቄት በግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪልም ይበጥብጡ። አንድ ኩባያ ተኩል ውሃ ሲፈላ ብጥብጡን እያማሰሉ ያፍስሱበት፣ እንደ አጥሚት ወፈር ብሎ እስኪያብለጨልጭ 2 ወይም 3 ደቂቃ ያማስሉ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረው ያውርዱ። ደረቁን ዱቄት በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ ከጨመሩት ይጓጉላል፣ ከዚያ በኋላ ማዳኛ የለውም። ሳይቀለም ሙጫ ነው፤ የቅድሙን የጀበና አንገትም የሚለጥፉት በሱ ነው። ለቀለም ደግሞ በየትንንሽ ኩባያው ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያካፍሉት። አንዱ ላይ የሻይ ማንኪያ እርድ ሲጨመር ደማቅ ቢጫ ይወጣል። አንድ ቀይ ስር ተፍቆ በጨርቅ ሲጨመቅ ወይን ጠጅ የሚመስል ሮዝ ይሰጣል። በደንብ ተወቅጦ በሻሽ የተነፋ ከሰል ጥቁር ነው። ከጀበናው የተረፈ ወፍራም ቡና ቡናማ ይሆናል። ሰማያዊ ኩሽና ውስጥ በቀላሉ አይገኝም፣ እሱን ይግዙ። በርበሬ ቀይ ነው ብለው እንዳይሞክሩት፤ ልጅ በተቀባ እጁ ዓይኑን ያሻል።

እነዚህ ቀለሞች ዕድሜ የላቸውም። ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፣ ከፍሪጅ ውጪ 2 ቀን፤ ሲኮመጥጥ ይደፋ። እርድና ቀይ ስር ፀሐይ ባለበት መስኮት ላይ ከተሰቀሉ በሳምንታት ውስጥ ይደበዝዛሉ፤ ልጁ አስቀድሞ ይወቀው፣ አለበለዚያ ያለቅሳል። እርድ ልብስም አይለቅም፤ የአባቱን አሮጌ ሸሚዝ ከፊት ወደኋላ ገልብጠው ያልብሱት። ልብሱ ላይ የፈሰሰው እርድ ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይቀየራል፣ አይደንግጡ። እንዲያውም ለልጁ ሆን ብለው ያሳዩት፦ የደረቀ ቢጫ ሥዕል ላይ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ የተነከረ ብሩሽ ቢያሳርፍበት መስመሩ ወዲያው ይቀላል።

ቀለም ሁሉ በአንድ ጊዜ ከቀረበ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ጭቃ ይሆናል። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ አንድ ላይ ሲገናኙ መጨረሻቸው ቡናማ ስለሆነ ነው። አንድ ቀን ቢጫና ሰማያዊ ብቻ፣ ሌላ ቀን ቀይና ነጭ ያቅርቡላቸው። አረንጓዴን ራሱ ያገኘ ልጅ ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ሲቀባ ይውላል፤ ይተዉት። ብሩሽ ደግሞ የሚሞተው በመቀባት ሳይሆን ውሃ ውስጥ ቆሞ በማደር ነው፤ ፀጉሩ ይጎብጥና አይመለስም። ታጥቦ፣ ጫፉ በጣት ተሰብስቦ፣ በጎኑ ይተኛ።

ለዝናቡ ቀን ሊጥ አለ። አንድ ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ብረት ድስት ውስጥ አዋህደው በትንሽ እሳት 4 ወይም 5 ደቂቃ ያማስሉ፤ ከድስቱ ለቆ አንድ ጉብታ ሲሆን ያውርዱትና ለብ እንዳለ ያሹት። እጅ ላይ ከተጣበቀ አልበሰለም፣ አንድ ደቂቃ ወደ እሳቱ ይመልሱት። ዱቄት እየጨመሩ ለማድረቅ ከሞከሩ በማግስቱ ይፈረፈራል። ክዳን ባለው ዕቃ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ጨው የበዛበት ስለሆነ ትንሿ ብትቀምሰው ምንም አይደለም፣ እፍኝ ብትውጥ ግን ያስመልሳታል፤ አጠገቧ ሰው ይኑር። የተሠራውን ለማስቀመጥ ክረምት አይመችም፤ ጨው ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ዛሬ የጠነከረው አንበሳ ነገ ይለሰልሳል። ምጣድ ላይ ማድረቅ እንዳያምርዎት፤ ቢጣበቅ እንጀራው ይበላሻል፣ አያትየውም ይቅር አይሉም።

እናትዎ «ማባከን» ያሉትን አይከራከሩ። ወረቀቱ ከተጣለ ክምር እንደመጣ፣ ዱቄቱ አንድ ኩባያ እንደሆነ ያሳዩአቸው። ከዚያ አክርማና ስንደዶ ገዝተው እጃቸው ላይ ያስቀምጡ። ስፌት የሚያውቁ ከሆነ የመሶብ ጥለት በአእምሮ ተይዞ፣ ዙር በዙር ተቆጥሮ የሚወጣ ሥዕል ነው፤ ልጁ ከማንም ትምህርት ቤት የማያገኘው። የ7 ዓመት ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ የብርጭቆ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ሊጀምር ይችላል። ወስፌው ግን ስለታም ነው፣ መጀመሪያ እሳቸው ይውጉ፣ እሱ ይሳብ።

ሰዓቱ ከመክሰስ በኋላ፣ ቴሌቪዥን ከመከፈቱ በፊት 30 ደቂቃ ይሁን፤ የመጨረሻው 5 ደቂቃ የማንሻ ነው፣ በነሱ እጅ። ስልክ ላይ «እንዲህ ሳል» የሚሉትን ቪዲዮዎች ለዚህ ክረምት ይተዉአቸው። መጥፎ ሆነው አይደለም፤ ልጅዎ ከሌላ ሰው መስመር ሊላቀቅ ሲሞክር ሌላ ሰው እየጠራንለት ስለሚሆን ነው።

ክረምቱን የሚያስርለት ዓላማ ደግሞ አለ፦ መስከረም 1። ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይና መልአክ ስለው በየዘመዱና በየጎረቤቱ «እንቁጣጣሽ» እያሉ የሚያድሉት ሥዕል አሁን በፎቶ ኮፒ እየተባዛ መጥቷል። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ኤ ፎሩን ለሁለት ከፍሎ፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት፣ በጠቅላላው ከ10 የማይበልጥ በእጁ ይሥራ። 30 ይሥራ ካሉት ከአምስተኛው በኋላ መቅዳት ይጀምራል። ስስ ወረቀት በዱቄት ቀለም ይጨማደዳል፣ ለዚህ የማተሚያ ቤቱን ወፍራም ቁራጭ ያስቀምጡለት። የእርዱን ቢጫ የሚቀባው በመጨረሻው ሳምንት ነው፣ ሥራዎቹም እስከዚያው ደብተር ውስጥ ከብርሃን ይራቁ። አደይ አበባ መውጣት ሲጀምር አንድ ዘለላ አምጥተው እንደ ጀበናው ፊቱ ያስቀምጡለትና የአበባውን ቅጠሎች ይቁጠር። ትንሿ ግድግዳዋ ላይ የሞነጫጨረችው ትልቅ ወረቀት በአበባ ቅርጽ ተቆርጦ ካርዶቹ ላይ ይለጠፋል፣ የሷም እጅ ይገባበታል። «እንኳን አደረሳችሁ» ሲጽፍ ፊደል ቢያስቀር አይሰርዙበት፤ ቃሉን በሌላ ቁራጭ ወረቀት ጽፈው አጠገቡ ይተዉለት፣ ራሱ ያስተያየዋል።

ስለሚሰበሰበው ብር ግን ቀድማችሁ ተስማሙ። ከፊሉ የሱ፣ ከፊሉ የእህቱ፣ ቀሪው ለሰማያዊ ቀለም።